ወርዷል ያሉት ቁጥር

«ዕድሜዬ 64 ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት 31 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ሽንት እያስነሳኝ፣ ሲመጣም እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ‹ፕሮስቴትዎ አድጓል› ተባልኩ። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ 5.1 ነበር። ፊናስተራይድና ታምሱሎሲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ክኒኖች ታዘዙልኝ። በስምንተኛው ወር ስመረመር 2.4 ሆነ። ሽንቱም ቀለል ስላለኝ ቀጠሮውን ተውኩት። ክኒኖቹን ግን ከፋርማሲ ሲጠፉ ካልሆነ በቀር እስከ ዛሬ እወስዳለሁ። ባለፈው ወር ሴት ልጄ ከሜሪላንድ እየደወለች ስትጨቀጭቀኝ ሌላ ላብራቶሪ ሄጄ አስመረመርኩ፤ 4.3 አለ። ከመጀመሪያው ያነሰ ስለሆነ ደህና ነኝ አልኳት፤ አላመነችኝም። አብሮኝ ቡና የሚጠጣው ጓደኛዬ ደግሞ ‹አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህን ምርመራ አይጠቅምም ብለው ትተውታል› ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ታላቅ ወንድሜ በፕሮስቴት ካንሰር ነው የሞተው። ፍሬውን አውጥተውበት በዓመት ከመንፈቁ አረፈ። በጣት የሚደረገውን ምርመራ እኔ እስካሁን እሺ አላልኩም። ልጄ የላከችልኝን ሶ ፓልሜቶ የሚባል ከዕፅ የሚሠራ እንክብል እየወሰድኩ፣ ደሜን በዓመት አንዴ እያሳየሁ ብቀጥል አይበቃም ወይ? በሚቀጥለው ወር የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ስላለብኝ በሐኪም ላይ ሐኪም መደራረብ አልፈልግም።»

ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ከሦስቱ የላብራቶሪ ወረቀቶች ፎቶ ጋር ደርሶኛል። መጀመሪያ ሳነበው ልቤ የሄደው ወደ ጣቱ ምርመራ ነበር። ለዚህ ዓምድ የሚጽፉ ወንዶች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሦስቱን ቁጥሮች ከክኒኖቹ ስም ጋር ጎን ለጎን ጻፍኳቸውና የጣቱን ነገር ለጊዜው ተውኩት።

የሒሳብ ሰው ስለሆኑ በሒሳብ ልንገርዎ። ፊናስተራይድ የሚወስድ ሰው ፒኤስኤ በቅናሽ የተጻፈ ዋጋ ነው። ክኒኑ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ቁጥሩን በግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ በግማሽ ስለሚያንስ አይደለም፤ እሱ የሚያንሰው ቢበዛ ሩብ ያህል ነው። ክኒኑ የሚያዳክመው ፒኤስኤ የሚያመርቱትን ሕዋሳት የሚያዝዘውን ሆርሞን ነው። ስለዚህ የተመርማሪውን መድኃኒት የሚያውቅ ሐኪም ወረቀቱ ላይ ያየውን ቁጥር በሁለት አባዝቶ ነው የሚያነበው።

የእርስዎን እናስተካክል። 5.1 ከክኒኑ በፊት ስለሆነ እንዳለ ይቀመጣል። 2.4 ሲባዛ 4.8 ይሆናል። እንግዲህ ያኔ ደስ ያለዎት በከንቱ ባይሆንም የተስተካከለው ቁጥር ባለበት ነበር ማለት ይቻላል፤ የወረደው ክኒኑ መሥራቱን የሚያሳየው ቁጥር ብቻ ነው። 4.3 ሲባዛ 8.6 ነው። 5.1፣ 4.8፣ 8.6። ለልጅዎ ወርዷል ያሏት ቁጥር ወጥቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ይተንፍሱ። ካንሰር አለብዎት አላልኩም፤ ማንም ከዚህ ወረቀት ተነሥቶ እንደዚያ ሊል አይችልም። ፒኤስኤ የዘር ፈሳሽን የሚያቀጥን ፕሮቲን ነው፤ የሚሠራው ፕሮስቴት ነው፣ ጥቂቱም ወደ ደም ያፈተልካል። ዕጢው ሲያድግም፣ ሲቆጣም፣ በጀርም ሲጠቃም፣ ካንሰር ሲይዘውም ያፈተለከው ይበዛል። ከ4 እስከ 10 ባለው ክልል ውስጥ ሆነው ከፕሮስቴታቸው ናሙና ከሚወሰድላቸው ወንዶች መካከል ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ናቸው፤ ሦስቱ በሌላ ምክንያት የወጣባቸው ናቸው። የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ የሚያስገባ ነገር አለበት። «ከፋርማሲ ሲጠፉ ካልሆነ በቀር» ብለው ያለፉት ሐረግ። ፊናስተራይድ ለሁለትና ሦስት ወር ከተቋረጠ ቅናሹ ይነሣል፤ ቁጥሩ ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል። ከምርመራው በፊት ክኒኑ ጠፍቶ ከነበረ 4.3 ሲባዛ ያገኘነው 8.6 ተጋንኗል ማለት ነው። ላብራቶሪውም ሌላ ነው፤ የተለያየ መሣሪያ በተመሳሳይ ደም ላይ የተወሰነ ልዩነት ያሳያል። ያም ሆኖ ከ2.4 ወደ 4.3 የሄደውን ሁሉ የላብራቶሪ ልዩነት ነው ብዬ አልወራረድም። ክኒኑን ባግባቡ እየወሰደ ቁጥሩ ከዝቅተኛው ደረጃ ተነሥቶ የሚወጣ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ እንደ ደህና የሚቆጠረው «ከ4 በታች» ተብሎ ቢጻፍለት እንኳ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ቀን የተቆረጠለትን ጉዳይ ላስቀድም፤ የዓይኑን። ታምሱሎሲን የፕሮስቴትንና የፊኛን አፍ ጡንቻ እንደሚያላላ ሁሉ የዓይን ብሌንን የምትከፍተውን ጡንቻም ያላላል። የሞራ ቀዶ ሕክምና ላይ ብሌኗ በደንብ አትከፈትም፣ በዙሪያዋ ያለው ሽፋንም ይርገበገባል። የዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ የሚዘጋጅበት መንገድ አለው፤ ሳያውቅ ከገባበት ግን ለእሱም ለእርስዎም አደጋ ነው። ክኒኑን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለጥቂት ቀናት ማቆም ችግሩን አያጠፋውም፤ ስለዚህ በራስዎ አያቁሙት። ካርድዎ ላይ «ታምሱሎሲን ይወስዳል» ተብሎ እንዲጻፍ ያድርጉ፣ ባዶውንም የክኒን ፓኮ ይዘው ይሂዱ። በሐኪም ላይ ሐኪም አልፈልግም ያሉት እዚህ ላይ አይሠራም። ሁለቱ ሐኪሞች እርስ በርስ ካልተዋወቁ መልእክተኛው እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ ደሙ። ምርመራው መደገም አለበት፤ የሚደገመውም እንደ ባለፈው ብድግ ብሎ በመሄድ አይደለም። በመጀመሪያ የሽንት ምርመራ ይደረግ። ኢንፌክሽን ካለ ታክመው ስድስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ነው ፒኤስኤ የሚታመነው። ከደሙ ምርመራ በፊት ሁለት ቀን ከባለቤትዎ ጋር ግንኙነት አያድርጉ፤ ብስክሌት የሚነዱ ከሆነም ያቆዩት። በዚያው ቀን የጣት ምርመራ ካለ ደሙ ይቅደም። ላብራቶሪው 2.4 ያገኘው የመጀመሪያው ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን አይቀያይሩ። ክኒኑን ለምርመራ ብለው አያቋርጡ። በትክክል የወሰዱባቸውንና የጠፉባቸውን ወራት ግን በወረቀት ላይ ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡት። ቁጥሩ እስኪረጋ ስድስት ወር ልጠብቅ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ እኔ አልስማማም፤ በእርስዎ ዕድሜ፣ በእርስዎ ቤተሰብ፣ ውሳኔው የዩሮሎጂ (የሽንት መስመርና የፕሮስቴት) ሐኪም ነው መሆን ያለበት።

ደብተር ይግዙ። 31 ዓመት የሰው ገንዘብ የመዘገበ ሰው የራሱን ደም በሦስት ቁራጭ ወረቀት በፌስታል ማስቀመጡ አሳዝኖኛል። አባቴም እንዲሁ ነበር። የራጅ ፊልሙ፣ የኩላሊት ምርመራው፣ የቀበሌ ደረሰኙ ሁሉ በአንድ ጥቁር ፌስታል፤ ሐኪሙ ፊት ሲዘረገፍ አንዱ ወረቀት ከመበላቱ የተነሣ ቁጥሩ 3 ይሁን 8 አይለይም ነበር። የላብራቶሪ ማሽን የሚያትመው አንዳንዱ ወረቀት በዓመቱ ነጭ ሆኖ ያርፋል። ቀን፣ የላብራቶሪው ስም፣ ቁጥሩ፣ ክኒኑ እየተወሰደ ነበር ወይስ ተቋርጦ፣ ኢንፌክሽን ነበር ወይ፤ አምስት ዓምድ ይበቃል። ክትትል ማለት በሕክምና ቋንቋ ይኸው ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሁለተኛው ሲመጣ መናገር ይጀምራል፣ ሦስተኛው ሲመጣ የእርስዎ እንደሆነው ያስጠነቅቃል።

የጣቱን ነገር ልመለስበት። ምን እንደሚሆን በግልጽ የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሰው የሚፈራው ደግሞ ያልተነገረውን ነው። በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፣ ጉልበትዎን ወደ ሆድዎ ይሰበስባሉ። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ፣ ጄል ቀብቶ፣ አንድ ጣት በፊንጢጣ በኩል ያስገባል። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች፣ ከፊንጢጣው ግድግዳ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ በሌላ መንገድ በእጅ አይደረስበትም። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሽንት የመጣ ይመስልዎታል፤ አይመጣም። ሐኪሙ የሚፈልገውን ማወቅ ከፈለጉ አሁኑኑ እጅዎን ጨብጠው ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለውን ሥጋ በሌላው እጅዎ ይጫኑት፤ ጤነኛ ፕሮስቴት እንደዚያ ነው። ከዚያ የጣትዎን አንጓ ይጫኑ፤ እንደዚያ የጠጠረ ጉብታ ከተገኘ ነው ሐኪሙን የሚያሳስበው። ደም ብቻውን አይበቃም ወይ ላሉኝ መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ ፒኤስኤያቸው 4 እና ከዚያ በታች ከሆኑ ወንዶች መካከልም ካንሰር የሚገኝባቸው አሉ። ሁለቱ ምርመራዎች አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሸፍናሉ። ሴት ሐኪም ከሆነች አልፈልግም ማለት ይችላሉ፤ ባለቤትዎ በር ላይ እንዲጠብቁም ማድረግ ይችላሉ። እምቢ ማለት የሚችሉትን ሁሉ እምቢ ብለው፣ ምርመራውን ግን እሺ ይበሉ።

ስለ ወንድምዎ የጻፉትን አንዲት መስመር ብዙ አሰብኩባት። «ፍሬውን አውጥተውበት» ያሉት ውስጥ፣ ይኽ ነገር ነው የገደለው የሚል ቅሬታ ያለ ይመስለኛል። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ እንደዚህ ይታመናል፤ ሰው ሲነጋገርበትም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ቻርልስ ሃጊንስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 የፕሮስቴት ካንሰር የወንድ ሆርሞን እየተመገበ እንደሚያድግ፣ ሆርሞኑ ሲቋረጥ ደግሞ እንደሚሟሽሽ አሳየ፤ ለዚህም በ1966 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሆርሞኑን አብዛኛውን የሚያመርተው የዘር ፍሬ ነው። እሱን ማውጣት በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋውን ውድ መርፌ የሚተካ፣ አንዴ ተሠርቶ የሚያበቃ ሕክምና ነው፤ መርፌውን በቋሚነት ማግኘት ለሚቸገር ሰው እስካሁን ይሠራበታል። የሚደረገው ግን በአብዛኛው በሽታው ከፕሮስቴት ወጥቶ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ወንድምዎን የገደለው ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለ ክትትል ያለፈው ጊዜ ነው። ለስንት ጊዜ ወገባቸውን ሲያማቸው «ብርድ ነው» ተብሎ በቅባት ታሽቶ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። እርስዎ የሚሸሹት ነገር የሚመጣው በመሸሽ ነው፤ ይህን ስል እንዳይከፋዎት።

የወንድም ሞት በሌላም በኩል ይመለከትዎታል። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የታመመበት ሰው ከሌላው ወንድ ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ያህል ነው። ወንዶች ልጆች ካሉዎት፣ የወንድምዎም ልጆች ካሉ፣ 45 ዓመት ሲሞላቸው ከሐኪም ጋር ስለ ምርመራው መነጋገር እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው እርስዎ ነዎት። በለቅሶ ቤት «በሆድ ዕቃ ሕመም» ተብሎ የተድበሰበሰ ሞት ለልጆች ምንም አይነግርም።

የቡና ጓደኛዎ የሚሉት ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ላይ ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ቡድን ጤነኛ ወንዶችን ሁሉ በፒኤስኤ መመርመርን ተቃውሞ ነበር። ምክንያቱም ብዙ ሰው ሊጎዳው ለማይችል ትንሽ ካንሰር ተቀዶ፣ ሽንት መቆጣጠርና ግንኙነት ማድረግ ተቸግሮ ቀረ። በ2018 ያው ቡድን ሐሳቡን ቀይሮ፣ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለ ሰው ጥቅምና ጉዳቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ራሱ ይወስን አለ፤ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ግን ያኔም አልመከረም። ጓደኛዎ የሰሙት የ2012ቱን ነው፤ ዜና እኛ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ብቻ ነው የሚደርሰው። ከሁሉ በላይ ግን ያ ክርክር ምንም የማይሰማቸውን ሰዎች በጅምላ ስለ መመርመር ነው። እርስዎ ምልክት አለብዎት፣ ወንድም ሞቶብዎታል፣ መድኃኒት ላይ ነዎት፣ ቁጥሩም ተነሥቷል። ይህ ክትትል ነው፤ ክርክሩ እርስዎን አይመለከትም።

ቁጥሩ ሲደገምም ከፍ ብሎ ከተገኘ ዩሮሎጂስቱ ኤምአርአይ የሚባለውን በማግኔት የሚነሣ ምስል ሊያዝዝ ይችላል፤ ዋጋው ለጡረተኛ ቀላል አይደለም፣ ሆኖም ናሙናው ከየት መወሰድ እንዳለበት ያሳያል፤ አንዳንዴም ናሙናውን ጭራሽ ያስቀራል። ናሙና ከተወሰደ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ አሥራ ሁለት ያህል ቁራጭ ነው የሚወሰደው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሽንት ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት ዘር ላይ ደም ቢታይ አይደንግጡ። ብርድ ብርድ እያለ ትኩሳት ከመጣ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ።

ካንሰር ቢገኝስ? ይህን ጥያቄ አልጠየቁኝም፤ ፍርሃትዎ ግን እሱ ነው። በብሪታንያ በሽታው ከፕሮስቴት ሳይወጣ የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች በዕጣ በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ቀዶ ሕክምና፣ አንዱ ጨረር፣ አንዱ ደግሞ በየጊዜው እየተመረመሩ መጠበቅ ደረሳቸው። ከ15 ዓመት በኋላ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ቡድን ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ስለነበሩ ለእኛ ቃል በቃል አልቀዳውም። ግን ከዚህ የምወስዳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በጊዜ የተገኘ በሽታ ወዲያው ቢላዋ አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ፒኤስኤ በየስድስት ወሩ፣ የጣት ምርመራ በየዓመቱ፣ ናሙና ደግሞ አለፍ አለፍ እያሉ እየተደገመ በክትትል ብቻ ለዓመታት ይኖራል። ሁለተኛው፣ ሲጠባበቁ ከቆዩት መካከል በሽታው የተሰራጨባቸው ከታከሙት እጥፍ ያህል ነበሩ። ስለዚህ «እንከታተለው» ሲባል ቀጠሮ ማክበር ማለት ነው። ቀጠሮውን የሚተው ሰው እየተከታተለ አይደለም፤ ያለ ሕክምና ተቀምጧል። በአገራችን ደግሞ ጨረር ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው ምን ያህል እንደነበር ያስታመመ ያውቀዋል፤ በሽታው ቀድሞ የተገኘበት ሰው ወረፋ የመጠበቅ ዐቅም አለው።

ስለ ሽንቱ ራሱ አጠር አድርጌ ልንገርዎ፤ ካንሰሩን ስንፈራ የዘነጋነው እሱን ነው። የዕጢ ማደግ ካንሰር ባይሆንም ፊኛንና ኩላሊትን ቀስ ብሎ ይጎዳል። በዓመት አንዴ ከሽንት በኋላ ፊኛ ውስጥ የሚቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ይለካ፣ ክሬያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራም ይሠራ። ሐኪሙ ስላለፈው አንድ ወር ሰባት ጥያቄ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ አለው። ድምሩ እስከ 7 ከሆነ ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ይባላል። ይህንንም ደብተሩ ላይ ያስገቡት። ለሦስት ቀን ደግሞ መስመር ያለበት ጆግ መታጠቢያ ቤት አስቀምጠው የሸኑትን መጠንና ሰዓት ይጻፉ፤ ባለቤትዎ ጆጉን ለሌላ እንዳይጠቀሙበት ምልክት ያድርጉበት። በቀንና በሌሊት ከሸኑት ሲሶው ሌሊት የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የፕሮስቴት ላይሆን ይችላል፤ ስኳር፣ ልብ፣ የእግር እብጠት፣ ወይም ማታ የተጠጣው ቡና ሊሆን ይችላል። አቦሉን ይጠጡ፤ በረካው ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ባይሆን ደግ ነው።

የጉንፋን ክኒን ሲገዙ ለፋርማሲስቱ ፕሮስቴትዎ እንዳደገ ይንገሩ። አፍንጫ የሚከፍቱትና የሚያስተኙት አንዳንዶቹ ሽንትን ድርቅ አድርገው ይዘጋሉ። በበዓል ማግስት ሌሊት ተረኛ በነበርኩባቸው ዓመታት ሆዳቸው ከእምብርት በታች እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ በሁለት ልጆቻቸው ትከሻ ተደግፈው የሚመጡ አባቶች አይጠፉም ነበር። ጠላውና አረቄው አንድ በኩል፣ የጉንፋን ክኒኑ ሌላ በኩል። ካቴተር የሚባለው የሽንት ቱቦ ገብቶ ሽንቱ ወደ ከረጢቱ መውረድ ሲጀምር ፊታቸው ላይ የማየውን እፎይታ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ አንዱ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ» ብለው መርቀውኛል። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት ደም ከመሰለ፣ ሌሊት ሳያውቁ አልጋ ከረጠበ፣ ወገብ እያመመ እግር ከዛለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ሶ ፓልሜቶው? በሰሜን አሜሪካ 45 ዓመት ያለፋቸው 369 ወንዶች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ለ72 ሳምንታት፣ መጠኑ እስከ ሦስት እጥፍ እየተጨመረለት ወስዶት፣ ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከወሰደው ቡድን የተሻለ አልሆነለትም፤ ጥናቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ብዙ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ «እየታከምኩ ነው» የሚል ስሜት መስጠቱ ነው። የዱባ ፍሬም ቢቆሉልዎ ይብሉ፤ ምግብ ነው።

ለልጅዎ ግን ዛሬ ማታ ይደውሉላት። ሦስቱን ቁጥሮች ከነቀናቸው፣ ከነክኒኑ ስም ያንብቡላት፤ 8.6ቷንም አይደብቋት። እንክብል መላኩን እንድትተወው ይንገሯት፤ ገንዘቡ ለኤምአርአዩ ይቀመጥ።